አትቀመጡ የተባለበት መቀመጫ

ልጁ የተገኘው በኤግዚቢሽን አዳራሹ ወለል ላይ፣ በጀርባው እንደተንጋለለ ነበር። ከሥሩ ነጭ ቀለም የተቀባ የእንጨት ሰሌዳ ተነጥፎለታል። በቀኝ እጁ ስልኩን ጨብጧል፤ እግሩ ላይ ካልሲ ብቻ ነው ያለው። ጫማው ከላይ ቀርቷል፣ ከፎቁ ጫፍ ላይ በገዛ እጁ ከሠራው መቀመጫ ሥር፣ ጎን ለጎን ሆኖ። የምሳ ሰዓት ስለነበር ከላይ በስቱዲዮውም ሆነ ከታች በአዳራሹ ሰው አልነበረም። ቀድማ ያየችው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት፤ ጩኸቷን የሰማው ዘበኛ ፖሊስ ጠራ።

«ጫማውን አውልቆ ዘሏል» አለ ምክትል መርማሪው ወደ ላይ አንጋጦ። «ለመሞት የቆረጠ ሰው ብዙ ጊዜ እንዲህ ያደርጋል።»

«አንተስ ቤትህ ስትገባ ጫማህን አታወልቅም?» አለችው አለቃው።

አለቃው መርማሪ ጉልበቷን የሚያማት፣ ለጡረታ የተቃረበች ሴት ነበረች። የትም ስትገባ በመጀመሪያ የምትፈልገው ወንበር ነው። ራሷ ካልተቀመጠች አታስብም፤ ሌላውንም ካላስቀመጠች አትጠይቅም። ጣቢያው ውስጥ ከጀርባዋ «እትዬ ቁጭ በሉ» ይሏታል። ታውቃለች፣ ስቃ ታልፈዋለች። ያን ቀን ግን ሳቅ አልመጣላትም። የልጁ ካልሲ ተረከዙ ላይ ተቀዶ በእጅ ተሰፍቷል፤ ስፌቱ ደቃቅና ጥንቁቅ ነው። ይህን የሰፋች ሴት የሆነ ቦታ ተቀምጣ ወሬ ትጠብቃለች ብላ አሰበች።

ቦታው የሕንፃ ዲዛይን ትምህርት ቤት ነው። ሟቹ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበር። ማንኛውንም ቤት መንደፍ የሚጀምረው ሰው ተጠግቶ ከሚቀመጥበት ጥግ ስለሆነ ጓደኞቹ «ጥግ» ይሉታል። የዓመቱ የመጨረሻ ሥራ አሥራ ሁለት ቤተሰቦች በአንድ ግቢ ዙሪያ የሚኖሩበትን ቤት መንደፍ ነበር። ጥያቄው ሲናገሩት ቀላል ነው፤ የጋራው የት ያበቃል፣ የግሉስ ከየት ይጀምራል? እያንዳንዱ ተማሪ የግቢውን ትንሽ ሞዴል ይሠራል፤ ከቤቱ ደግሞ አንድ ነገር መርጦ በትክክለኛ መጠኑ ያቆማል፤ ሁለቱም በመጨረሻው የግምገማ ቀን በመምህሩ ይታያሉ። ጥግ የመረጠው የመስኮት መቀመጫ ነው። ወደ ግቢው የወጣ፣ ግን ከቤቱ ያልተለየ፤ ሲያሻህ ጎረቤትህን የምታይበት፣ ሲያሻህ ደግሞ ከጎረቤት ዓይን የምትሸሸግበት። ስቱዲዮው ያለበት ፎቅ ወደ አዳራሹ ክፍት ነው፤ በፎቁ ጫፍ ካለው የብረት መከለያ አንዱን ክፍል አስፈትቶ በቦታው ገጠመው። ከመቀመጫው ጀርባ የቆመው ነጭ ሰሌዳ መደገፊያም መከለያም ሆኖ ያገለግላል፤ ከግራና ከቀኝ ካሉት የብረት ቋሚዎች ጋር በአራት ብሎን ታስሯል። ከሰሌዳው ባሻገር ያለው አየር ብቻ ነው፣ ከአየሩ በታች አዳራሹ።

መርማሪዋ ደረጃውን እየቃተተች ወጣች። መቀመጫው ላይ ወረቀት ተለጥፏል፤ «አትቀመጡ፣ ቀለሙ አልደረቀም» ይላል። ጣቷን አሳለፈችበት። ደርቋል። ጎንበስ ብላ አሸተተችው፤ ከደረቀ ሰንብቷል። ከዚያ ብረቱን አንቃ ከመቀመጫው ዳር ቁጭ አለች።

«እንዴ! ይወድቃሉ!» ምክትሉ ሮጠ።

«አትጩህብኝ። መቀመጫው ምንም አልሆነም፤ የከዳው መደገፊያው ነው።»

የብረት ቋሚዎቹን ቀዳዳዎች በጣቷ ዳሰሰች። ጭረት የለ፣ መጣመም የለ። ወደ አዳራሹ ወርዳም አስከሬኑ ከተነሳ በኋላ ሰሌዳውን አስገለበጠች። አራቱ የብሎን ጭንቅላቶች በየቦታቸው አሉ። አንዱን በአውራ ጣት ጥፍሯ ስትገፋው እንደ ቁልፍ ተፈናጥሮ መዳፏ ላይ ወደቀ።

«ብሎኑ ተበጥሷላ» አለ ምክትሉ።

«የተበጠሰ ብረት እንዲህ አይለሰልስም። ይሄ በመጋዝ ተቆርጦ፣ በሞረድ ተስተካክሎ፣ በሙጫ የተለጠፈ ጭንቅላት ነው። ለዓይን ብሎን ነው፤ ግን አካል የለውም። አካሉ የት ሄደ?»

ቆሻሻ መጣያውን ገለበጡ፣ መሳቢያውን ፈተሹ፣ አላገኙትም። መርማሪዋ ስቱዲዮው እንዲታሸግ አዘዘች። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ካለ ፖሊስ ማንም አንዲት እርሳስ እንኳ እንዳያነሳ ተባለ።

በማግስቱ የልጁ እናት ከሩቅ ከተማ በአውቶቡስ መጣች። መናኸሪያ ድረስ ሄዶ የተቀበላት የልጇ ጓደኛ ነው፤ ከልጇ ጋር አንድ ጠረጴዛ ይጋራ ነበር። ሁለቱ ስለማይለያዩ ተማሪው ሁሉ «መንታው» ይለዋል። ሻንጣዋን ተሸከመ፣ ደግፎ ደረጃ አወጣት፣ ስታለቅስ መሐረብ አቀበላት። ያየው ሁሉ ምን ዓይነት የተባረከ ልጅ ነው አለ።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች እናትየው መርማሪዋን ገና ስታያት።

«መጀመሪያ ቁጭ ይበሉ፣ እህቴ።»

«ስልክ ላይ ነበርን። ሁልጊዜ በምሳ ሰዓት ይደውልልኛል። ያን ቀን ነገርኩት… ክፍልህን ለእህትህ ሰጠኋት አልኩት። ባሏ ትቷት ከነሕፃኗ መጣችብኝ፤ የት ላስተኛት? ያቺ ክፍል ደግሞ የሱ ናት፤ ከልጅነቱ ጀምሮ በሯን ዘግቶ የሚስልባት። ስነግረው ዝም አለ። ‹ተቀየምከኝ እንዴ፣ ልጄ?› አልኩት። ትንፋሹን ሳብ ሲያደርግ ሰማሁት። ከዚያ የሆነ ነገር ኳ አለና ስልኩ ተቋረጠ። ሄሎ፣ ሄሎ ስል ዋልኩ። የገዛ ቤቱን ነሳሁት፤ የሚሄድበት ሲያጣ ዘለለ።»

መንታው ከወንበሯ ኋላ ቆሞ ትከሻዋን ይዟል። ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል፣ ቃል ግን አልወጣውም።

«ለምንድን ነው ሁልጊዜ በምሳ ሰዓት የሚደውለው?» አለች መርማሪዋ።

 እናትየው ዞር ብላ መንታውን አየችውና «እስቲ ውሃ አምጣልኝ፣ የኔ ልጅ» አለችው። ከወጣ በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ይሄ ምስኪን እናቱ ዓምና ነው የሞተችበት። ‹እማ፣ እሱ እየሰማኝ እማ እማ ማለት ይጨንቀኛል› ይለኝ ነበር ልጄ። እሱ ምሳ ሲወጣ ተደብቆ ነው የሚያወራኝ። አደራ፣ እንዳይነግሩት፤ ሆዱ ይብሰዋል።»

 እንዲህ ያለ ልጅ ያሳደገች ሴት ራሷን ገዳይ ስትል መስማት መርማሪዋን ከበዳት። ይህች እናት እዚህ መጥታ የምትፈልገው አንድ መልስ ነው፤ ልጄ በእኔ ቃል ነው የሞተው ወይስ አይደለም? ያንን መልስ ሳትይዝ ወደ አገሯ ብትመለስ ዕድሜ ልኳን በቁሟ ስትቀበር ትኖራለች።

ከሰዓት በኋላ መምህሩ ተጠራ። ሽበታም፣ ድምፀ ጎርናና ሰው ነው። ተማሪው «ነቅናቂው» ይለዋል።

«‹ይሄ መቀመጫ ሰው ይገድላል› ብለው ጮኸውበታል ይባላል» አለችው።

«ብያለሁ። ያን ጊዜ ያሰረው በሁለት ብሎን ብቻ ነበር። አራት አድርግ አልኩት፤ አደረገ። ከዚያ በሁለት እጄ ይዤ ነቀነቅሁት፤ ግንብ የነቀነቅሁ ነው የመሰለኝ።»

«የግምገማው ዕለትስ?»

«ደግሜ እነቀንቀዋለሁ። የማንም ሥራ ይሁን፣ እኔ በእጄ ሳልነቀንቀው ሰው አይቀመጥበትም። ከታች ያለውም አዳራሽ ያን ቀን ይዘጋል። ይሄን የማያውቅ ተማሪ የለም፤ ስሜም የወጣው ከዚያ ነው።»

«ቀለሙ ደርቆ ወረቀቱ ለምን ሳይነሳ ቀረ?»

መምህሩ መነጽሩን አወለቀ። «አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ሳላስበው ገባሁ። ጫማውን አውልቆ፣ እግሩን መቀመጫው ላይ ሰብስቦ፣ ሰሌዳውን ተደግፎ ስልክ ያወራል። ልቆጣው ስል ‹መምህር፣ እዚህ ሕንፃ ውስጥ ሰው ብቻውን የሚሆንበት አንድም ቦታ የለም እኮ፤ ወረቀቷ በሬ ናት› አለኝ። ምን ልበለው? ራሴ ያስተማርኩትን ነው መልሶ የነገረኝ። ለማንም እንዳልናገር ለመነኝ፣ እሺ አልኩት። ምነው ምላሴን በቆረጠው! ያኔውኑ አስነስቼው ቢሆን ኖሮ…» 

ቀጥላ የገባችው ቀጭን ረጅም ተማሪ ናት፤ «ማስመሪያ» ይሏታል። የዓመቱን አንደኝነት ከጥግ ጋር የምትፎካከረው እሷ ነበረች።

«ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«አዎ፣ በቦታ። በረንዳዬን እዚያ ጫፍ ላይ ላቆም ፈልጌ ነበር፤ ዕጣ ስናወጣ ለሱ ደረሰው። አኮረፍኩት። በኋላ ከታች ሥዕል ስሰቅል በምሳ ሰዓት ድምፁን ሰማሁ። ‹እማ፣ ዛሬስ ምን በላሽ?› ይላል። ኩርፊያዬ ብን ብሎ ጠፋ።» ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። «ከዚያ ወዲህ በዚያ ሰዓት አዳራሹን እለቅለት ነበር፣ እንደ ልቡ ያውራ ብዬ። ያን ቀንም የወጣሁት ለዚያ ነው። ባልወጣ አየው ነበር፤ ቢያንስ ብቻውን አይወድቅም ነበር።»

«ለሌላ ሰው ነግረሻል?»

«የሰው ገመና እንዴት እናገራለሁ?»

መርማሪዋ አብራት ወደ ስቱዲዮው ወጣችና በሞዴሎቹ መካከል እያነከሰች ዞረች። የጠርሙስ ክዳን ጣሪያ ሆኗል፣ የጥርስ መጎርጎሪያ አጥር፣ የሻይ ማጥለያ ወንፊት የመስኮት መረብ።

«ምንም አትጥሉም ማለት ነው?»

«ኧረ ምን ተጥሎ! የምንጥለው ነገር ካለ ሌላው ያነሳዋል።»

ግድግዳው ላይ ከየሞዴሉ በላይ ፕላኑ ተሰቅሏል። መርማሪዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ፕላኑን ታያለች፣ ሞዴሉን ታያለች፣ ወንበሯን ጎትታ ወደሚቀጥለው ትሄዳለች። የመንታው ሞዴል ፊት ግን ብዙ ቆየች። ግቢው ሰፊና ገላጣ ነው፤ በአንደኛው ወገኑ ብቻ ነጫጭ ምሰሶዎች ተደርድረው ጥላ ያለው መተላለፊያ ሠርተዋል።

«ይሄ ያምራል» አለች።

«አሁን ነው ያማረው። ነቅናቂው ‹ይሄ የአውቶቡስ መናኸሪያ ነው፤ ሰው ከሰው ዓይን የት ይጠለል?› ብሎ በሁላችን ፊት ድባቅ መትቶት ነበር፤ ያውም ከጥግ ሞዴል አጠገብ አስቀምጦ። መንታው ያን ቀን ምሳ አልበላም።»

መጨረሻ ላይ መንታው ራሱ ፊቷ ተቀመጠ። ዓይኑ በለቅሶ አብጧል።

«ያን ቀን ጠዋት የት ነበርክ?»

«እዚሁ ስቱዲዮ፣ ብቻዬን። ጥግ ሥዕሉን ሊያሳትም ማተሚያ ቤት ሄዶ ነበር። እኔ ምሳ የወጣሁት ሳይመለስ ነው።»

«መቀመጫው ላይ ሲቀመጥ አይተኸው ታውቃለህ?»

«ማንም አይቀመጥበትም እኮ! ወረቀቱ አትቀመጡ ይላል፤ ከግምገማው በፊት ማን ይቀመጣል? ለምን እንደወጣበት አይገባኝም፣ ለምን…» ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ተንሰቀሰቀ። መርማሪዋ ብዙ የውሸት ለቅሶ አይታለች። ይሄ የእውነት ነበር፣ እሷንም የባሰ ያሳዘናት ይኸው ነው።

በሦስተኛው ቀን ሁሉንም ስቱዲዮው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። እናትየው ከመሃል ተቀመጠች፣ መንታው ከጎኗ፤ ማስመሪያና መምህሩ ከፊት ለፊት። ምክትሉ በሩን ዘግቶ ቆመ።

«ከእርስዎ እጀምራለሁ፣ እህቴ» አለች መርማሪዋ ለእናትየው። «ልጅዎ አልዘለለም።»

እናትየው ቀና አለች።

«የሚዘል ሰው መደገፊያውን ተሻግሮ ይዘላል፤ መደገፊያው ከላይ ይቀራል። ልጅዎ ግን ሰሌዳውን ከሥሩ አንጥፎ ነው የወደቀው፤ ጀርባው ከሰሌዳው አልተላቀቀም። ጫማውን ያወለቀውም ሊሞት ብሎ አይደለም። መምህሩ ቀደም ብለው እንዳዩት እግሩን ሰብስቦ፣ ተደግፎ ሊያወራ ብሎ ነው። ቤቱ ነበረች።»

«ታዲያ ሰሌዳው እንዴት ተነቀለ?» አለ መምህሩ። «እኔ እኮ በእጄ ነቅንቄዋለሁ!»

«እርስዎ ከነቀነቁት በኋላ አንድ ሰው ብሎኖቹን ፈትቶ፣ ጭንቅላታቸውን ቆርጦ ቀዳዳዎቹ ላይ በሙጫ ለጠፈ። ለሚያየው እንደታሰረ ነው፤ የቆመው ግን በራሱ ክብደት ብቻ ነው። እንዲህ አድርጎ ማስመሰል ለእናንተ የዕለት ሥራችሁ ነው። ለምን ግን? ሰው ለመግደል ነው አንበል። ሁሉም እንደሚያውቀው ከማንም በፊት መደገፊያውን የሚይዙት እርስዎ ነዎት። ቆመው ይነቀንቁታል፣ ሰሌዳው እጅዎ ላይ ይቀራል፣ ጥግ በሰው ፊት ያፍራል። አዳራሹ ያን ቀን ዝግ ስለሆነ ማንም አይጎዳም። ያሰበው ይሄን ነው።»

«ማን?» አለች ማስመሪያ በሹክሹክታ።

«ከግምገማው በፊት ማንም አይቀመጥበትም ብሎ ያመነ ሰው። መምህሩ ልጁን ተቀምጦ አይተውታል። አንቺም ሰምተሽዋል። ሁለታችሁም ያን ብሎን ብትቆርጡ ማን እንደሚወድቅ ታውቃላችሁ።»

«ማወቃቸው ነፃ አያወጣቸውም» አለ ምክትሉ ከበሩ። «እንዲሞት ፈልገው ቢሆንስ?»

«እኔም ያንን ብዬ ነበር፣ የብሎኖቹን አካል እስካገኝ ድረስ።» የመንታውን ሞዴል ሁለት እጇን ዘርግታ አነሳችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ፕላኑን እዩት። እዚህ ግቢ ውስጥ ምሰሶ አልተሳለም። ሞዴሉ ላይ ግን አራት አሉ።»

አንዱን ምሰሶ በጥፍሯ ፋቀችው። ነጩ ቀለም ተልጦ ሲወድቅ ከሥሩ ጥምዝምዝ ጥርስ ያለው ብረት ብቅ አለ። ሁለተኛውን ፋቀች፤ እሱም ያው ነው።

ማስመሪያ አፏን በእጇ ከደነች። 

«እናንተ ምንም አትጥሉም» አለች መርማሪዋ። «ጠዋት ቆረጠ፤ ብረቱን ሲያየው ምሰሶ ሆኖ ታየው። በኋላ እንዳያነሳው ስቱዲዮው ታሸገበት።»

መንታው ከወንበሩ ተንሸራቶ በጉልበቱ ወለሉ ላይ ወረደ። «አንድ ቀን ብቻ…» አለ። «ነቅናቂው ሲይዘው እንዲነቀል ብቻ ነው። ለአንድ ቀን እኩል እንድንሆን። ማንም የማይቀመጥበት መስሎኝ ነው! እሱ ከእኔ የሚደብቀው ነገር አልነበረም፤ ቢቀመጥ ኖሮ ይነግረኝ ነበር!»

መርማሪዋ መልሱን ታውቀዋለች፤ ግን አደራ ተብላለች። እናትየውን አየቻት። የተናገረችውም እናትየው ራሷ ናት።

«ከእኔ ጋር ማውራቱን ነው የደበቀህ። እናትህ ስለሞተችብህ፣ እማ ሲል ሰምተህ እንዳይከፋህ ብሎ።»

መንታው ግንባሩን ወለሉ ላይ ደፋ። ከጉሮሮው የወጣው ድምፅ ለቅሶም ጩኸትም አልነበረም። መምህሩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

መርማሪዋ ወንበሯን ወደ እናትየው ሳበች። «የመጨረሻውን ልንገርዎት። ዝም ሲልብዎት ያዘነ መስሎዎታል። ያዘነ ሰው ይጎነበሳል፣ ራሱን ወደ ጉልበቱ ይደፋል። ልጅዎ ቢጎነበስ ኖሮ ዛሬም በሕይወት ይኖር ነበር፤ መቀመጫው እኮ ምንም አልሆነም። የወደቀው ወደ ኋላ ዘና ብሎ ስለተደገፈ ነው። ትንፋሹን ሳብ ያደረገውም ሊመልስልዎት ነው። ምን ሊልዎት እንደነበር አላውቅም፤ ማንም አያውቅም። ብቻ ተቀይሞዎት አልሄደም።»

 የእናትየው እንባ ይወርዳል፣ ግን በነዚያ ቀናት ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቷ ሞልቶ ተነፈሰች። ከዚያ ዝቅ ብላ እግሯ ሥር የወደቀውን ልጅ አየችው።

«ቀና በል» አለችው።

ቀና አለ።

«ከመጣሁ ጀምሮ እኔ ነኝ የገደልኩት እያልኩ ሳለቅስ ከጎኔ ነበርክ። በመሐረብህ እንባዬን ጠርገሃል። ‹አያልቅሱ› ብለኸኛል። ‹እርስዎ አይደሉም› ለማለት ግን አፍህን አልከፈትክም።»

«ፈርቼ ነው፣ እማማ። ፈርቼ…»

«ልጄን ሳታስበው ነው የገደልከው። ይሄን እቀበልሃለሁ፤ እሱም ቢሆን ይቀበልህ ነበር። እኔን ግን እያየኸኝ ነው የገደልከኝ።»

ተነሳች። ማስመሪያ ልትደግፋት ፈጠን አለች፤ ምክትሉ በሩን ከፈተላቸው። ከውጭ አስከሬኑ ወዳለበት የሚወስዳት መኪና ቆሟል። ልጁ ወለሉ ላይ እንደተንበረከከ «እማማ!» ብሎ ተጣራ። እርምጃዋ ለአፍታ ገታ አለ፤ ከዚያ ሳትዞር ደረጃውን ወረደች።